ግድግዳው ላይ የምትንቀጠቀጥ ነጥብ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ትራንስፎርመሩ ነው። ጡብ የሚያክል፣ የመዳብ ጥቅሉ የጠቆረ፣ ከተቃጠለ ዘመን የሆነው ትራንስፎርመር ደፉ ላይ ተቀምጦ የቢሮውን በር ገርበብ አድርጎ ይይዛል። በሩ አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ አልከፈት ስለሚል ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

የቢሮውን ባለቤት የፊዚክስ ክፍል ሰዎች «ፔንዱለም» ይሏታል። ስታስብ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለችና። አትቆጣም፤ «ፔንዱለም ቢያንስ ሰዓት ያከብራል» ትላለች።

ተማሪ ሳለች የምትፈልገውን ጥናት ርእሱን ብቻ አንብባ፣ ውስጡን ለማየት ክፈይ እየተባለች መመለሷ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ኖሯል። መምህር ስትሆን ማንም የትም ሆኖ በነጻ የሚያነበው የፊዚክስ ጆርናል ልታቋቁም ተነሣች። ድረ ገጹን የሠራላት የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ነው፤ አንገቱ ላይ ገመድ ስለማይጠፋ ስሙ «ቻርጀር» ሆኖ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ነገሩን ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች።

«አንባቢ አይከፍል፣ ጸሐፊ አይከፍል! እኔም ሱሪ በነጻ ልስፋ እንግዲህ?»

«ሱሪ የሚለብሰው አንድ ሰው ነው እቴ። ጽሑፍ ግን ሺህ ሰው ቢለብሰው አያልቅም።»

«እሺ እህት ዓለም፤ ሺዎቹ ሲመጡ ጥሪኝ፣ ወንበር ይዤ እመጣለሁ።»

ሺዎቹ አልመጡም። የመጀመሪያው እትም የቀጠነ ነበር፤ ሁለተኛው ትንሽ ሥጋ አወጣ። አንድ ጥብቅ ደንብ ግን ነበራቸው፤ በወጣ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ከተገኘ ጽሑፉ አይነሣም፣ ስሕተቱ ከአናቱ ላይ በቀይ ይጻፍበታል። ደንቡን ያወጣችው እሷው ናት። የመጀመሪያው ቀይ ያረፈው ከኮሪደሩ ማዶ ባለው መምህር ላይ ነው፤ ሳቅ ስለማያውቅ «ኮስታራው» ይሉታል። እርማቱን እስኪያዘጋጅ ሁለት ቀን እንድትታገሠው ቢለምናት «ደንብ ደንብ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሲተላለፉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ጆርናሉን ያስጠራው የራሷ ጽሑፍ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ በቀጭን የብረት ክር ላይ ትንሽ መስታወት አንጠልጥላ ብርሃን ታበራበታለች፤ ብርሃኑ ነጥሮ ግድግዳው ላይ ነጥብ ይሆናል። ነጥቧ ጸጥ ብላ ትቆይና ድንገት ትንቀጠቀጣለች። ብረቱ የሚለጠጠው በዝግታ ሳይሆን እየዘለለ ነው ብላ ጻፈች። የማታውቃቸው ሰዎች ከሩቅ አነበቡት፤ እነሱም ጽሑፍ ይልኩ ጀመር። ታማኝ ጆርናሎችን የሚመዘግበው ማኅበርም ሊመዝናቸው ቀጠሮ ያዘ። ከተመዘገቡ፣ እዚያ የወጣ ጽሑፍ ለመምህራን ዕድገት ይቆጠራል። ካልተመዘገቡ ማን ይጽፍላቸዋል?

በዚያው ሰሞን የሕንፃው የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆመ። እሷም እንደ ልማዷ ምድር ቤት ወርዳ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። ከሰዓትም አላለችም። በማግሥቱ ፓምፑ ተጠግኖ ከግድግዳው ጀርባ ሲያጉረመርም፣ ነጥቧ እንደ ደነገጠች ወፍ ራደች።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ነፋሱን፣ መኪናውን፣ የሰው ኮቴውን ሁሉ አጣርታ ነበር። ፓምፑን ግን ከመልመዷ የተነሣ መስማት ትታዋለች። ሕንፃ ሙሉ ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር፣ እሷ የተፈጥሮን ምስጢር ስትመዘግብ ኖራለች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው» አለች ለቻርጀር፣ ሁሉን ነግራው ስታበቃ።

«ማን አየ ዶክተር? ምዘናው በሁለት ሳምንት ያልቃል። እስከዚያ ዝም ይበሉ።»

ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። «ኮስታራው የለመነኝ ሁለት ቀን ነበር።»

«እሱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ! ያለ እርስዎ ጽሑፍ ምን አለን? ገና በዳዴ ነን እኮ!»

«በዳዴው ውሸት ከለመደ ቆሞ ሲሄድማ ጉድ ነው። በል ክፈተው።»

ቻርጀር እያጉተመተመ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ከጽሑፏ አናት ላይ በቀይ ቃል በቃል አስጻፈችው፦ ነጥቧን ያንቀጠቀጠው ክሩ አይደለም፣ የውኃ ፓምፕ ነው። ስሕተቱን ያገኘችው ጸሐፊዋ ናት።

ማኅበሩ «በሚቀጥለው ዓመት እንመለስበታለን» አለ። ቻርጀር ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። ለሦስተኛው እትም የሚሆን አንድም ጽሑፍ ሳይገባ ሳምንታት አለፉ። እሷ ከመስኮት እስከ በር ትመላለሳለች፤ በሩ እንደ ገረበበ ነው።

አንድ ጠዋት ኮስታራው ትራንስፎርመሩን ተሻግሮ ገባ።

«ቀይ ቀለም ተርፎሻል ወይስ ሁሉንም በራስሽ ላይ ጨረስሽው?»

«ላንተ የሚሆን አላጣም።»

ጽሑፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። አየችውና «ለዕድገት አይቆጠርልህም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ተናድጄብሽ የነበረው በእኔ ብቻ የጨከንሽ መስሎኝ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ይልቅ፣ ንዝረቱ መስታወቱ ጋ የሚደርሰው በወለሉ ነው በግድግዳው? ለክተሻል?»

አልለካችም። ፊቷ በርቶ የንዝረት መለኪያውን ከመደርደሪያው አነሣች።

«ጽሑፌስ?»

«ዛሬውኑ አነበዋለሁ! ቀይ ካለውም ትሰማለህ!» አለች ከቢሮው እየወጣች።

«ፔንዱለም አይደለች፣ አሁን ትመለሳለች» አለ ጥግ ላይ የተቀመጠው ቻርጀር ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ።

እሷ ግን መለኪያውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ በረጅሙ ኮሪደር ገሠገሠች። ከታች ፓምፑ ያጉረመርማል። ሌላ ጊዜ ዞራ የምትመለስበት በር ከኋላዋ ቀረ፤ አልዞረችም። ኮሪደሩን አልፋ ወደ ደረጃው ታጠፈች፤ ኮቴዋ ወደ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ራቀ።