ሶል ስትጣበቅ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ናትናኤል ጎፋ ወዳለ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ጎትቶ ወሰደኝ። ለቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ሊገዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ጣቶቼን ቁርጥማት ቢይዛቸውም በቤተሰቡ ዘንድ አሁንም «ባለሙያዋ» ነኝ። ሻጩ ከማል የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። ናትናኤል ዕቃውን አገላብጦ ሲያበቃ፣ «በየሳምንቱ መድረክ ላይ የምንጫወትበት ነው፤ አስተማማኝ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ሆዬ የመደርደሪያውን ጠርዝ ጨበጥኩ። ደሜ የወረደ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ። ደሜስ ደህና ነበር። ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ሰፈር፣ ሌላ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል።

ጊዜው የደርግ ነው። ያኔ ኪቦርድ አንልም፤ ኦርጋን ነው የምንለው። ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ቡናማ ኦርጋን ነበረቻት፤ ተጫዋቿም እኔ ነበርኩ። ታዲያ ኦርጋኗ አንድ በሽታ ነበረባት። ብዙ ተጫውተንባት ስትሞቅ መሃል ላይ ያለችው፣ በዶ ሬ ሚ አምስተኛዋ የሶል ቁልፍ ትጣበቃለች፤ ጣቴን ባነሳም ድምፁ አይቆምም። መድኃኒቱ ጎኗን በቡጢ መምታት ነው፤ አንዳንዴ ወዲያው ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትግደረደራለች። የመዘምራን መሪያችን እንዳናፍር ብሎ አንድ ዘዴ አስለመደን። ሶል በተጣበቀች ቁጥር ዘማሪዎቹ ያችኑ ድምፅ ተቀብለው «አሜን» ይላሉ፤ እነሱ ሲያስረዝሙ እኔ እደበድባታለሁ። ምእመኑ የመዝሙሩ አካል እየመሰለው አብሮ ይላል። አንዲት እናት እንዲያውም፣ ያቺ ረጅሟ አሜን ነፍሴን ታረሰርሳታለች ብለውኛል።

ኋላ «መጤ ሃይማኖት» ተባልንና ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ። አባቴም ታሰረ። ከወላይታ መጥቶ ጎፋ ውስጥ በልብስ ስፌት የሚተዳደር ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ቤቱን ለጸሎት መክፈቱ ነበር። ሲለቁት፣ ደግመህ ብትገኝ አንተን አያድርገኝ ብለው አስጠንቅቀውታል። እሱ ግን አልተወም። ረቡዕ ረቡዕ ደጅ ላይ የስፌት መኪናውን ያንጫርራል፤ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ይጸለያል። እኔ ከበራችን አጠገብ መኪና በቆመ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አይ ነበር።

ኦርጋኗን ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ ወሰዳት። ተጫዋች ሲፈለግ ሰው ጠቆመኝ፤ ጓደኛዬን ጽጌንና ሌሎች ሁለት ዘማሪዎቻችንንም ድምፃቸው ጥሩ ነው ተብሎ አስገቧቸው። እምቢ ማለት የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መንገሻ ሽጉጡ ከወገቡ የማይለይ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር፤ ከሽጉጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያ ዝግ ያለ ድምፁ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኦርጋኗን መታ መታ አደረገና፣ «በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ልንጫወትባት ነው። አስተማማኝ ነች?» አለኝ። ትጣበቃለች ብል፣ ላለመጫወት ያመጣሁት አሻጥር ሊባል ነው። «አስተማማኝ ነች፣ ጓድ» አልኩ።

ደግነቱ በየሳምንቱ የምንጫወተው ሁለት ዘፈን ብቻ ነበር። ሳትሞቅ እዘጋታለሁ።

መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል መጣ። ክረምቱ ጭቃውን ትቶልን ስለሄደ እስከ ቀበሌው አዳራሽ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የደረስኩት። በር ላይ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ ሌላ ቀን ነፍሴ ነው፣ ያን ቀን ግን ዞር ብዬ ሳላየው አለፍኩ። ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው የሚመጣ ትልቅ እንግዳ ይጠበቅ ነበር፤ ዘገየ። ጓድ መንገሻ በጣቱ ቀጥሉ አለን። ቀጠልን። ሕዝቡ እንዳይበተን አሁንም ቀጥሉ አለ። ከኦርጋኗ የተቃጠለ አቧራ ሽታ መውጣት ጀመረ፤ ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ፊት ለፊት ባለሱቁ ሐጂ ከድርና ጎረቤታችን እማማ አስካለ ተቀምጠዋል። ከኋላ አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል።

እንግዳው ገባ፤ ተጨበጨበ። ማርሹን ጀመርን። ግማሽ ሳንደርስ ሶል ተጣበቀች።

መታኋት፤ አልሰማችም። ደግሜ መታኋት። ይሄኔ ጽጌና ሁለቱ ልጆች፣ እንደለመዱት፣ ድምፁን ተቀብለው «አሜ–ን» አሉ። ረጅሟን አሜን። በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ እንግዳ ፊት!

ጽጌ ያለችውን የሰማችው ካለች በኋላ ነው፤ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አባቴን ነው ያየሁት። ኮፍያው መሬት ወድቋል፣ አላነሳውም። አለቀልን አልኩ በልቤ።

ያኔ ሐጂ ከድር እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን አበሱና «አሚን» አሉ። እማማ አስካለ «አሜን፣ አሜን» ብለው አማተቡ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ እንኳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አሜን ተብሎ እየሰማ ዝም የሚል ሰው በእኛ ሰፈር አልነበረም። ኦርጋኗን አንዴ ስደግማት ዝም አለች።

እንግዳው ወደ ጓድ መንገሻ ዞረ። ጓድ መንገሻ ተነሣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለካ እሱም ይፈራል። «ሰፊው ሕዝብ፣ እንደ ባህሉ፣ ለእናት አገሩ እየመረቀ ነው» አለ። እንግዳው ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ አጨበጨበ።

ሰው ሲወጣ ጓድ መንገሻ አስቀረኝ። «አስተማማኝ ነች ብለሽኝ ነበር» አለ በዚያ ድምፁ። የኦርጋኗን ገመድ መንቀል ጀመርኩ።

«ያ አሜን ከየት እንደመጣ የማላውቅ እንዳይመስልሽ። አንቺንና አባትሽን ባስር ግን እንግዳው ፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አብሬያችሁ ነው የምገባው። ከዛሬ ጀምሮ ይህች ኦርጋን ተበላሽታለች። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ኦርጋኗ መጋዘን ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ቤት ስደርስ አባቴ ሹራቡን ደርቦ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በር ሥር ተቀምጧል። የተባልኩትን ብነግረውም አላመነም። ያ ጥቅል ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ከበሩ ሥር አልተነሣም፤ እናቴ ስትጠርግ ታነሳውና መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። ረቡዕ ረቡዕም የስፌት መኪናው ይጮህ ነበር።

ሐጂ ከድር አሚን ያሉት ሊያድኑን አውቀው ነው ወይስ ለምዶባቸው? ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ብጠይቃቸውም የሚነግሩኝ አይመስለኝም። ያን ዘመን ሲያወሩ ስለ ጀግንነታቸው የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማስታውሰው ፍርሃቴንና ያንን ጥቅል ነው።

ከማል ኪቦርዱን ከፍቶ ይሞክሩት አለኝ። ሶልን ተጫንኳት፤ ጣቴ እስኪደክም ያዝኳት። ስለቃት ድምፁ ቀጥ አለ። ሳላስበው «አሜን» አልኩ።

ከማል ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል «አሚን፣ እማማ» አለኝ።

ናትናኤል ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባውም።