የነርሷ ምሳ

ነፍሰ ጡር አክስቴ ደሟ አንሶ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ስዋሂሊ ስለማትችል የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

አክስቴ ስኳር ድንች እንደምታዘወትር ስነግራት ነርሷ፣ «ስኳር ድንች ጉልበት ይሰጣል እንጂ ብረቱ ትንሽ ነው። ደም የሚተኩት ከባሕር የሚወጡት ባለ ዛጎል እንስሳት ናቸው። ትበላለች?» አለችኝ።

ስነግራት አክስቴ አማተበች። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ አፌ አይገባም በያት!»

እኔ ግን ነርስ ፊት እንቢ ማለት አሳፈረኝና፣ «ሁልጊዜ ትበላለች» አልኩ።

ነርሷ ደነገጠች። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ቦሎቄ አሳየችን። «ባለ ዛጎሉን እኔ እንኳ አልበላም፤ ቤተ ክርስቲያኔ ይከለክላል። እንቢ ካለች ቦሎቄ ልመክራት ነበር፤ ከበላች ግን ይቅር» አለች።

አክስቴ ምሳ ዕቃውን አይታ በክርኗ ጎሰመችኝ። «አየሽ፣ ስኳር ድንች! ምን አለች?»