ስማቸውን ሳንጠይቅ ቤታቸው ተኛን

ዛሬ ድሬዳዋ ላይ፣ በማናውቃቸው ሴትዮ ሳሎን አራታችንም ተዘርረን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛን።

ቤተሰቤን ይዤ ከደብረ ብርሃን ለእረፍት መጥቻለሁ። ከተማዋን በኪራይ ብስክሌት እንዙር ያልኩት እኔ ነኝ።

እኛ አገር ከቤት የሚወጣው ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ላይ ሄድን።

አከራዩ ጋደም ብሏል። "አቦ፣ በዚህ ሰዓት? አስር ሰዓት ላይ ኑ" አለኝ። እንቅልፉን ወዶ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።

ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጭር ብሏል። "አየሽ፣ እንዴት ጸጥ ያለ ከተማ ነው!" አልኳት ባለቤቴን። ለካ ከእኛ በቀር ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።

ትንሿ ልጄ ፊቷ ቀልቶ "አባዬ፣ አዞረኝ" ስትል ክው አልኩ። የያዝነው ውሃ አልቋል፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

ይሄኔ አንድ በር ተከፈተና አንዲት እናት ብቅ አሉ። "አንተ! ልጆቹን በፀሐይ ልትጨርሳቸው ነው? ግቡ!"

ውሃ ሰጡን፤ የልጅቷን ራስ አረጠቡላት፤ ፍራሽ አነጠፉልን። "በሉ ተኙ። ከተማዋ የትም አትሄድም።"

አስር ሰዓት ላይ ስንነቃ ብስክሌቶቻችን ጥላ ስር ቆመዋል። መቀመጫቸው እንዳያቃጥለን እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ውጭው ደግሞ በሰውና በባጃጅ ደምቋል።

ስማቸውን የጠየቅኳቸው በሩ ላይ ስንሰናበት ነው፣ በሀፍረት።

"ዘይነባ። አንተስ ማን ትባላለህ?" አሉኝ። ለካ እሳቸውም እስካሁን አልጠየቁኝም ነበር።

እናንተስ፣ ማን እንደሆናችሁ ሳይጠይቅ በሩን የከፈተላችሁ ሰው አለ? እስኪ አጫውቱኝ።