እርጥብ ጠፍር

በብልባላ ገበያ አንድ ሰውዬ አልጋ ይጠፍራል። የራሰው ቆዳ ሽታ ወደ ላሊበላው ግቢያችን መለሰኝ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ደሴ ሄጄ ለመምህርነት ልመዘገብ ነበር። ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልንነሳ ስንል የአጎቴ መኪና ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። መለዋወጫ ስላልነበረ አባቴ የአልጋ ጠፍር አርሰው በቦታው አሰሩ።

«ጋሼ፣ መኪናው ላይ ልንተኛ ነው?» ብሎ አጎቴ ሳቀ።

«ሲደርቅ ይከራል» አሉ አባቴ።

ሞተሩ ሲነሳ ጠፍሩ ረግቦ ወለቀ። እንደገና አሰሩት፤ እንደገና ወለቀ።

«አትውረጂ ልጄ፤ እስኪደርቅ ነው» አሉኝ አባቴ።

ሻንጣዬን ታቅፌ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቆየሁ። ጠፍሩ ሳይደርቅ ፀሐይዋ ግቢውን ለቃ ሄደች፤ ምዝገባውም አለፈኝ።

አሁን የሰውዬውን ጠፍር በጣቴ ነካሁት።

«ነገ ይደርቃል፣ እማማ» አለኝ።