እትዬ አንቲሩጅና ራቁቱን የቀረው ብረት

አማቴን ሰው ሁሉ «እትዬ አንቲሩጅ» ይላቸዋል። አንቲሩጅ ብረት እንዳይዝግ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው ቀይ ቀለም ነው። እሳቸው ደግሞ ከእኛ አገር ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ ጎረቤት አገር የሚያርፈውን ትልቅ የብረት ድልድይ ሲቀቡ የኖሩ ሴት ናቸው። አንዱን ጫፍ ጀምረው ሌላኛው ጫፍ ሲደርሱ የመጀመሪያው መላላጥ ጀምሮ ይጠብቃቸዋል። ሥራው አያልቅም፤ የእሳቸውም ንዴት እንደዚያው።

ሥራውን የጀመሩት ባለቤታቸው ሲሞቱ ነው። ሰውየው የድልድዩ ቀቢ ነበሩ። ሐዘኑ ገና ሳይወጣ አማቴ የባላቸውን ብሩሽ ይዘው የድልድዩ ጽሕፈት ቤት አለቃ ዘንድ ገቡና «አሁን ማን ሊቀባው ነው?» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። አንደኛው «ከፍታው ያዞራታል» ብሎ ተናገረ። ወጥተው ቀብተው ሲወርዱ ያው ሰውዬ መሰላሉን ደግፎ ይጠብቃቸው ነበር አሉ። አሉ የምለው ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ስለሆኑ ነው፤ ስለራሳቸው ሲያወሩ ደግሞ ቆጥበው አያውቁም። እየዋለ እያደረ የቀቢዎቹ ሁሉ አለቃ ሆኑ።

እኔ ልጃቸውን ያገባሁ የዚያው የድልድዩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ከፍታ እፈራለሁ። ይህን ያወቁ ዕለት «ልጄ ወንድ አጥታ ነው?» ብለው ለጎረቤት አሙኝ፤ ጎረቤቷም ሳትውል ሳታድር ነገረችኝ።

ድልድዩን ያሠራው ሁለቱም አገሮች አባል የነበሩበት ኅብረት ነው። በስምምነቱ የቀለሙ ሥራ የእኛ፣ የብሎኑ ሥራ የእነሱ ሆነ። እኛ ከዳር እስከ ዳር እንቀባለን፤ እነሱ ከዳር እስከ ዳር ያጠብቃሉ። እንዲህ ሆኖ ሲኖር ነው «ከኅብረቱ እንውጣ»፣ «የለም አንውጣ» የሚለው ጣጣ የመጣብን።

አገር ምድሩ ተተራመሰ። ሚኒስትሮች ተራ በተራ ወረዱ፤ አንዱ ከመውረዱ ሌላው ወጥቶ የበፊቱን ይሰድባል። ሰዉ «ወጪ»ና «ቀሪ» ተባብሎ ተከፈለ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱን እንደቆረጠው በዚህ ነገር ተጣላውና ከወንበሩ አስነስቶ አባረረው። ሰውዬው ቀሪ ነበር፤ ፀጉሩም ቀረ።

ቤታችን ውስጥ እኔና ሚስቴ ቀሪ፣ አማቴ ወጪ ሆኑ። ደረቴ ላይ የቀሪዎችን ምልክት ለጥፌ ምሳ ላይ ስቀመጥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አንበሳውን ተወው፤ እኛን ነው ያሰረን!» አሉኝ። ቂማቸው ከኅብረቱ ተቆጣጣሪዎች ጋር ነው። ነጭ ቆብ ያደረጉ ጎረምሶች እየመጡ ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ ያስተምሯቸው ነበር። «እኔን! ብሩሽ አያያዝ!» ይሉና ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ይመቱታል።

ድምፅ ተሰጠ፤ ወጪዎች አሸነፉ። ሚስቴ አለቀሰች። አማቴ አጠገቧ ተቀምጠው ድስቱን ጠርገው በሉ። እኔ ከዚያ ወዲያ «ጨው ያቀብሉኝ» ከማለት በቀር አላናግራቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠልቻቸው ነበር።

የመውጫው ቀን ሲቃረብ ትእዛዝ መጣ፤ የእኛ ቀቢዎች ድልድዩ መሐል የተሰመረውን መስመር እንዳያልፉ። ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን የአማቴ ቡድን ከመስመሩ ማዶ ያለውን ትልቁን ተሸካሚ ብረት በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ፍቆ አሮጌውን ቀለም ሙልጭ አድርጎ አንስቶለታል። የተፋቀ ብረት ወዲያው አንቲሩጅ ካልተቀባ የወንዙ እርጥበት ይበላዋል። ቀቢዎቹ ፍቀው ሳይቀቡ ተጠርተው ተመለሱ።

አማቴ አለቃው ቢሮ ገቡ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ነበር።

«ብረቱ ራቁቱን ነው» አሉ።

«እሱ ከእንግዲህ የእነሱ ብረት ነው» አለ አለቃው።

«ልብሱን ያወለቅነው ግን እኛ ነን።»

«የራሳቸው ቀቢ ያልብሰዋ!»

«ቀቢያቸው እኔ ነኝ! ሌላ ቀቢ መቼ አላቸው?»

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። «እትዬ፣ ጡረታዎ ደርሷል፤ በሰላም ይውጡ። መስመሩን ያለፈ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል፤ የረዳውም እንደዚሁ» አላቸው። አማቴ ብሩሻቸውን አንስተው ወጡ።

የመውጫው ቀን ጠዋት ድልድዩ በሰው ተጨናነቀ። በአንደኛው ወገን ወጪዎች ይጨፍራሉ፣ በሌላው ቀሪዎች ያወግዛሉ፣ መሐል ላይ ጠባቂዎች ቆመዋል። ከመኪናው መንገድ ሥር ግን የጥገና ሠራተኞች የሚሄዱባት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ እዚያ ጠባቂ ማቆም ያሰበ ሰው የለም። አለቃው እየሮጠ መጣና የማባረሪያ ማስጠንቀቂያውን እጄ ላይ አኖረው።

«አማትህ ታች ናት። ውረድና አስወጣት!»

ወረድኩ። መተላለፊያዋ ወለሏ ወንፊት ነው፤ ከእግሬ ሥር ውሃው ሲሄድ ይታየኛል። የእጅ መደገፊያውን ብረት አቅፌ፣ አንዳንዴም በእምብርክኬ መስመሩ ድረስ ደረስኩ። እሳቸው ማዶ በቀበቶ ተንጠልጥለው ይቀባሉ። ከላይ ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል።

«ከሃዲ!» ይላሉ ወጪዎቹ።

«ጀግና! የእኛ ናት!» ይላሉ ቀሪዎቹ።

አማቴ ቀና አሉ። «የማናችሁም አይደለሁም! እንውጣ ብዬ የመረጥኩ እኔው ነኝ፤ ነገም ምረጪ ብባል እንውጣ ነው የምለው!»

የቀሪዎቹ ጭብጨባ ቀጥ አለ። ወጪዎቹ ሊጨፍሩ ሲጀምሩ ወደ እነሱ ዞሩ። «እናንተም አትንጫጩብኝ! ከኅብረቱ እንውጣ አልኩ እንጂ ከሰው ተራ እንውጣ መቼ አልኩ? የሰው ቤት ገብቶ አራቁቶ መሄድ ምን ይሉታል?»

እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አነበቡት፤ ከዚያ ብሩሻቸውን ጠረጉበትና መለሱልኝ።

«ደርሶኛል በላቸው። ይልቅ ጥጉ አልደርስ ብሎኛል፤ የቀለሙን ጣሳ ያዝልኝ።»

«እትዬ፣ እኔም እኮ እባረራለሁ።»

«እንግዲያው ውጣ ልጄ። አልቀየምህም።»

የምር ነበር ያሉት፤ አልቀየሙኝም። ያን ጊዜ አፈርኩ። እንውጣ ያሉት ሴትዮ ማዶ ተንጠልጥለው የጎረቤት ብረት ያለብሳሉ፤ ያን ሁሉ ወር ስለ ጉርብትና ስሰብክ የከረምኩት እኔ ወንበሬን ላድን ወደ ላይ ልወጣ ነው። ንዴት ፍርሃቴን ቀደመው። መስመሩን አለፍኩና ጣሳውን ያዝኩ። ጣሳው ሲያዘነብልብኝ ቀለሙ ሁለቱንም እጆቼን እስከ አንጓዬ ነከራቸው። ከላይ ለሚያይ ሰው ብረቱ ስለሚጋርደኝ ማን እንደያዘላቸው አይታወቅም። የመጨረሻው ጥግ ቀይ እስኪሆን ድረስ ሳልለቅ ያዝኩላቸው።

ስንወጣ አማቴ እርጥቡን ብሩሽ ወደፊት ቀስረው ሄዱ። ወጪውም ቀሪውም ልብሱን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀ። በዚያ ሁሉ ወራት ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አለቃው ድልድዩ መግቢያ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተባርረዋል» አላቸው።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ጨርሼ የመጣሁት።»

«ጥጉ ለብቻ እንደማይቀባ አውቃለሁ። ጣሳውን ማን ያዘልዎት?»

«በጥርሴ ያዝኩት።»

«እትዬ!»

«ጥርሴ ገና ሙሉ ነው፤ ቁጠረው!» ብለው አፋቸውን ከፈቱለት።

አለቃው እሳቸውን ተወና ወደ እኔ ዞረ። እጆቼን ኪሶቼ ውስጥ ከትቼ ነው የቆምኩት። «አንተ ታች ነበርክ። ማንን አየህ?» አለኝ። አማቴ ከኋላው ሆነው ዝም በል ብለው በዓይናቸው ያፈጡብኛል። ማንንም አላየሁም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ አነሳሁለት። እስከ አንጓዬ ድረስ ቀይ ናቸው።

አማቴ መጀመሪያ እጆቼን አዩ፤ ከዚያ ኪሶቼን አዩ፤ ከዚያ በድልድዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«አንተ ጅል! አንቲሩጅ ከጨርቅ ይለቃል ያለህ ማነው? ሱሪው ምን አደረገህ?»