ወደ ጄኔቭ የላክነው አቤቱታ

ለጽሕፈት ሥራ የተቀጠርሁት ሰከላ ውስጥ፣ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ቆሜ ነው። ጣልያን ቡሬንና ወጀትን ይዞ ምሽግ ሠርቷል፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያን ጊዜ ወጀት ነበረች። እኔ ከአዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሸሽቼ ወደ አባቴ አገር የተመለስሁ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ።

የአርበኞቹ መሪ ፊታውራሪ ታከለ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ተኩስ ትችላለህ?»

«አልችልም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ትችላለህ?»

«ፈረንሳይኛ።»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሳቁ። ፊታውራሪ ግን ዘወር ብለው፣ «አለቃ፣ የፈለጉት ሰው መጣልዎ» አሉ።

አለቃ ምሕረቴ የፊታውራሪ ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊትና ወንጌል ሲጽፉ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል። በዚያው ቀን ሦስት መቃ ሰጥተው ብዕር አስቀረጹኝ። ሦስቱንም ሰበርኋቸው። አልተቆጡም፤ ራሳቸው በዳሰሳ ቀርጸው አራተኛውን ሰጡኝ። ቀለሙን ከድስት ጥላሸትና ካረረ ገብስ የሚያዘጋጁትም እሳቸው ነበሩ። ወረቀት ግን ከቡሬ በድብቅ ነው የሚመጣው፤ አንድ ቅጠል ስናበላሽ ሁለታችንም እናዝን ነበር።

ሥራችን ይህ ነው፦ ጄኔቭ በሚባል ከተማ የዓለም መንግሥታት የሚቀመጡበት ሸንጎ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ ድረስ ሄደው መክሰሳቸውን አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ፊታውራሪ ደግሞ የእኛ አገር ሰው በደል በስሙ እንዲቀርብ ፈለጉ። አለቃ በአማርኛ ያረቅቃሉ፤ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሳለሁ።

ቃል ለመስጠት ሰው ከየደብሩ መጣ። አለቃና እኔ ሾላ ሥር ተቀመጥን። ባላገሩ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሁሉ ነጠላውን አደግድጎ ይናገራል። አንዱ የተነዳ ከብቱን በየቀለሙ ቆጠረልኝ። ሌላው ዳኞቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ።

በሙግት የታወቁት አዛውንት አያ ይግዛው ጠጋ አሉ።

«ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶታል?»

«አያ ይግዛው፣ ተከሳሹ ራሱ ከሸንጎው አባላት አንዱ ነው» አልኋቸው።

«ከዳኞቹ ጋር ይቀመጣል?»

«ይቀመጣል። ደግሞም አብዛኛው ነገር ሁሉም ካልተስማሙ አይወሰንም።»

ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ምን ታደርጋለህ ቁጭ ብለህ! ዳኛ ይለወጥልን ብለህ ጻፍ እንጂ!»

አለቃ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ኋላ ግን «እውነታቸውን ነው» አሉና አቤቱታው ውስጥ አንድ መስመር አስገቡ። እኔም ወደ ፈረንሳይኛ መለስኋት።

የከበደኝ የስም ነገር ነው። ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጣች ሴት ባሏንና ወንድሟን ጣልያኖች አውድማ ላይ ገድለውባት ቤቷን አቃጥለውታል። ቃሏን ጽፌ ሳነብላት አስቆመችኝ።

«‹አንዲት ባልቴት› ነው ያልኸው? እኔ ስም የለኝም?»

«እቴቴ፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢያዝ ይሰቅሉሻል።»

«ስም የሌለውን ምስክር ማን ይሰማዋል? አትጠገብ ይርዳው በል። ደብሬንም ጨምር።»

አለቃ ከእሷ ጋር ቆሙ፤ እኔ እንቢ አልሁ። ነገሩ ፊታውራሪ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ምስክሮቹን አንድ በአንድ አስጠርተው አደጋውን ነገሯቸው። አሥራ አንዱ ስማችን ይጻፍ አሉ። ስሞቹን ስጽፍ አለቃ የቀለም ቀንዱን ራሳቸው ያዙልኝ።

ደብዳቤውን ወደ ጄኔቭ ፖስታ ከሚላክበት ከሱዳን የሚያደርሱት የቡሬው ነጋዴ ሐጂ ሰዒድ ነበሩ። አጣጥፈው ከበቅሎ ኮርቻቸው ገለባ ውስጥ ሰፉት። በሦስተኛው ቀን ወሬ መጣ፤ ሐጂ ቡሬ ኬላ ላይ ተይዘዋል።

አሥራ አንዱ ምስክሮች ቤታቸውን ጥለው ጫካ ገቡ። እኔ እህል አልወርድልህ አለኝ። አትጠገብን ፈልጌ ሄጄ፣ «እኔ ነኝ አደጋ ላይ የጣልሁሽ» አልኋት። ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

«ቃሉ የኔ ነው። አንተ እጅህን ነው ያዋስኸኝ። ይልቅ ቆሎ አለ፣ ብላ።»

ሐጂ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተለቀቁ። ለካ የተፈለገው ደብዳቤው ሳይሆን በቅሎዎቹ ኖረዋል፤ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ አጓጉዘውባቸዋል። ኮርቻው ያን ሁሉ ቀን ከጣልያን ግቢ ግድግዳ ሥር ወድቆ ነበር።

«የእናንተን አደራ ዘበኛ ሲጠብቅልኝ ከረመ» አሉን ሐጂ እየሳቁ። ወዲያው ጭነታቸውን አስጭነው ወደ ሱዳን ወረዱ።

መልሱ በዚያው በሱዳን በኩል የመጣው ክረምቱ አልፎ ነው። ፊታውራሪ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰበሰቡ። ፖስታውን ቀደድሁት። ቀድሞ የታተመ ወረቀት ነው፤ በእጅ የተሞላው ቀኑና የላኪው ስም ብቻ ነው። ደብዳቤያችሁ ደርሷል፣ ከመዝገብ ገብቷል ይላል። ሌላ ነገር የለበትም።

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። አትጠገብ ከፊት ተቀምጣለች። ወደ አለቃ ጎንበስ ብዬ፣ «የኔታ፣ ‹በሐዘናችሁ አዝነናል፣ ነገሩን እናያለን› የምትል ቃል ብጨምርበትስ?» አልሁ።

«ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው የተጻፈውን አንብብ ልጄ።»

አነበብሁ።

«ፍርዱስ?» አሉ አያ ይግዛው።

«ፍርድ የለበትም።»

«ቀጠሮስ?»

«የለበትም።»

 አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እሷን ላለማየት ወረቀቱን ደጋግሜ አጣጠፍሁት። አያ ይግዛው ተነሡ። ሁለት የደረሱ ልጆች አሏቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ «ነገሩ በዳኛ ተይዟል» እያሉ ከዘመቻ ያስቀሯቸው ነበር።

«ፊታውራሪ» አሉ፣ «ልጆቼን ነገ አመጣቸዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት ፍርዱን ሲጠብቁ የነበሩ ብዙ ሰዎች እንደሳቸው መጡ። አትጠገብም ስንቅ አቀባይ ሆና እስከ ነጻነት ድረስ ከእኛ ጋር ኖረች። አለቃ ነጻነትን አላዩም፤ ብዕራቸውንና የቀለም ቀንዳቸውን ለእኔ ተናዘዙልኝ።

ከጦርነቱ በኋላ በየፍርድ ቤቱ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠራሁ። ያን እሑድ የማጽናኛ ቃል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ሌላ ክረምት እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ነበር። አስተርጓሚ የተጻፈውን ያነብባል፤ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ሰሚው ነው።