ለይቅርታ የተሰጠን ወረቀት

ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ከእኔ የባሰ ያዩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ የታሰርኩት ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነው። ጥፋቱም በከፊል የራሴ ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለፋሲካ ዕረፍት ድሬ ዳዋ፣ መጋላ ወላጆቼ ቤት መጣሁ። የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ የሆነው፣ ጋሼ የምለው ጎረቤታችን ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ተወግታ ሞታበት ነበር። “ለጤና ሹሙ አቤት የምልበት ጻፍልኝ” አለኝ። ሦስት ገጽ ስለ ሕዝብ በደል፣ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ጻፍኩ። ስለ ሚስቱ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር። ጋሼ ማንበብ አይችልም፤ አምኖኝ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። አቤቱታው በገባ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም ያዙን።

የእስር ቤት ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ከቀትር በኋላ ግድግዳው እጅ ያቃጥላል፤ የምንጠጣው ውኃ የዝገት ጣዕም ነበረው። ጋሼ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን፣

“እዚያ ወረቀት ላይ ምን አልክ?” አለኝ።

ነገርኩት።

“አቦ፣ እኔ ጭሰኛ ነኝ እንዴ? የባቡር ሰው ነኝ!”

እስረኞቹ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ።

“እሷስ?”

“አንድ መስመር” አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠን። ጋሼ “ተማሪው አሳስቶኝ ነው፤ አቤቱታዬን ትቻለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ” ብሎ ከፈረመ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል አለ።

“ፈርም ጋሼ፤ ስለ እኔ አታስብ” አልኩት።

“እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ” አለኝ።

ጻፍኩ። ሚስቱ ማክሰኞ ጠዋት ከእሱ ጋር በእግሯ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ሰውነቷ አብጦ እንደነበር ለመርፌ ወጊው ለድሬሰሩ ነገረችው። “ሐኪሙ አንቺ ነሽ?” ብሎ ወጋት። የግቢው በር ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራት። ጋሼ ተመልሶ ሲጠራው “ተራህን ጠብቅ” አለው።

“ገደላት ብዬ ልጻፍ?”

“አይ፣ የሆነውን ብቻ። ለምን እንዳልሰማት ይጠየቅ።”

ወረቀቱ ሞላ። ለይቅርታ ቦታ አልቀረም።

መቶ አለቃው አንብቦ፣ “ይሄ ይቅርታ አይደለም” አለ።

“አቤቱታ ነው” አለ ጋሼ። የቀለሙን ሳጥን ራሱ ስቦ ጣቱን ነከረ፤ ቀስ ብሎ ከጽሑፉ ሥር አሳረፈ።

እኔ በአባቴ ዋስትና ተፈታሁ። እሱን አንድ ወር ጨምረው አቆዩት። ፈተና ስላመለጠኝ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ዓመት እየደገምኩ ነው። አሁን በሕክምና የተበደለ ሰው ጻፍልኝ ሲለኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ቀኑ መቼ ነበር? ማን ምን አለ? ማን ሰማ? ያኔ ሳልጠይቅ መጻፌ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

በዚያው ክረምት፣ ጋሼ ከተፈታ በኋላ፣ መቶ አለቃው ላስተላለፈው አቤቱታ ከጤና ሹሙ መልስ ሲመጣ ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ፦ ድሬሰሩ ተጠይቆ አላስታውስም ስላለ ጉዳዩ ተዘግቷል።

“ጠየቁት ማለት ነው?”

“ጠይቀውታል።”

እንደገና አስነበበኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወደ ጋራዡ ሄደ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚወጡበት ቀን ነበር፤ ሐምሌ አሥራ ስምንት።